ሮበን ደሴት የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ ከደሴ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለስልጠና ኬፕታውን እሄዳለሁ፣ ነፃ የምሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ እና ማንዴላ ከ27 ዓመት እስሩ 18ቱን ያሳለፈበትን ደሴት ሳላይ ብመለስ አባዬ ቤት የሚያስገባኝ አይመስለኝም። ችግሩ የጀልባውን ትኬት ኦንላይን ልቆርጥ ብል ካርዴ እምቢ አለ፣ ሶስቴ ሞከርኩ። እዛው ወደቡ ላይ በካሽ ይገኛል ወይስ ቀድሞ ያልቃል? ደሞ ነፋስ ሲበረታ ጉዞው ይሰረዛል አሉ፣ ያኔ ብሩስ ይመለሳል? እኔ እንደሆነ ከሐይቅ ታንኳ ሌላ ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም (እሱም አዙሮኛል)፣ ባህሩ ያስመልሳል እንዴ? እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት እዛው ታስረው የነበሩ ሰዎች ስለሆኑ ግን ቢያስመልሰኝም እሄዳለሁ። የምታውቁ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ።