ኤምባሲ የንግግር ምሽታችንን ወጪ ልሸፍን ቢለን እንቀበል?

ጥያቄ፦ ከአንድ የፕሮግራም ኮሚቴ አባል

ጤና ይስጥልኝ። በአባላት መዋጮ የሚተዳደርና በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ላይ ንግግሮችን የሚያዘጋጅ አነስተኛ ማኅበር አለን። በወር አንድ ጊዜ እንግዳ እንጋብዛለን፤ እንግዳው አርባ ደቂቃ ያህል ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጥያቄና መልስ ነው። ከአባሎቻችን መካከል መምህራን፣ በጡረታ ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ይገኛሉ፤ አብዛኞቻችን በዲፕሎማሲ ሙያ ያለፍን ሳንሆን የዓለምን ጉዳይ በቅርብ መከታተል የምንወድ ሰዎች ነን። እኔ የኮሚቴው አባል ሆኜ ከተመረጥሁ ገና አንድ ዓመቴ ነው።

በቅርቡ አንድ ኤምባሲ በደብዳቤ ያቀረበልን ሐሳብ ኮሚቴውን ለሁለት ከፍሎታል። አምባሳደሩ ስለ አገራቸው የውጭ ፖሊሲ ሊነግሩን ፈቃደኛ ናቸው፤ ኤምባሲውም የአዳራሹን ኪራይ፣ የአስተርጓሚውን ክፍያና የመስተንግዶውን ወጪ በሙሉ እንደሚሸፍን ገልጿል። በምላሹ ግን የንግግሩን ርዕስ ራሱ እንዲሰጥ፣ አወያዩን እንዲመርጥ፣ የአባላት ጥያቄዎችም ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲደርሱት ይፈልጋል። በተጨማሪም ምሽቱ «በቻተም ሐውስ ደንብ» እንዲመራ ጠይቋል፤ ከእኛ መካከል አንዳንዶች ይህን የተረዱት በስብሰባው ላልተገኘ አባል ምን እንደተባለ እንኳ መንገር ክልክል እንደሆነ አድርገው ነው።

ገንዘብ ያዣችን የአባላት መዋጮ ለአዳራሽ ኪራይ እንኳ በጭንቅ እንደሚበቃ እያስታወሱ ሐሳቡን እንድንቀበል ይመክራሉ። ሌሎች ደግሞ በዚህ ሁኔታ የሚዘጋጅ ምሽት ማኅበሩን የሌላ አካል ቃል አቀባይ ያደርገዋል ብለው ይቃወማሉ። እኔ ወደ ተቃዋሚዎቹ ባዘነብልም፣ አምባሳደሩን ፊት ለፊት የመጠየቅ ዕድል እንዲያመልጠን አልፈልግም። በተመሳሳይ ማኅበር ውስጥ የሠራችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ከአንድ የቀድሞ ጸሐፊ

ኮሚቴያችሁን የከፈለው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ፖስታ ስለ መጡበት ይመስለኛል፤ አንዱ ተናጋሪው ነው፣ ሌላው ገንዘቡ። ተናጋሪውን ሳታመነቱ ተቀበሉ። የ1961 የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 3 ከሚዘረዝራቸው የአንድ ዲፕሎማሲያዊ ሚሲዮን (ለምሳሌ የኤምባሲ) ተግባራት መካከል ላኪውን አገር መወከልና ወዳጃዊ ግንኙነትን ማጎልበት ይገኙበታል፤ ስለዚህ አምባሳደሩ የመንግሥታቸውን አቋም አሳምረው ቢያቀርቡ የተላኩበትን ሥራ መሥራታቸው ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውም ሰው ይህን ያውቃል። አንድ መንግሥት ራሱን በምን መልክ ማሳየት እንደሚፈልግ መስማት፣ የትኛውን ጉዳይ ዘልሎ እንደሚያልፍ ልብ ማለት፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ መልሱ እንደሚያጥር መታዘብ ለአባላት ትልቅ ትምህርት ነው።

ርዕሱን፣ አወያዩንና ጥያቄውን ግን አትስጡ። አንድን ምሽት የማኅበሩ ምሽት የሚያሰኙት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ሦስቱን ካስረከባችሁ ለእናንተ የሚቀራችሁ ወንበር መደርደር ብቻ ነው።

ስለ ገንዘቡ ከራሴ ልምድ ልናገር። እኔ ጸሐፊ በነበርሁበት ማኅበር አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስጦታ ተቀብለን ነበር፤ ምሽቱ ያማረ ነበር፣ አንዳችም የሚያሳፍር ነገር አልተፈጸመም። ጉዳቱን ያየነው ከወራት በኋላ፣ ስለዚያው አገር ነቀፌታ ያለበት ጥናት የሠራ አንድ ተመራማሪ በተናጋሪነት ሲጠቆም ነው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ለጊዜው ይቆይ» አሉ፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም፤ በቃለ ጉባኤው ላይም «ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል» ተብሎ ተጻፈ፣ በዚያው ቀረ። ከኤምባሲው የደወለልን ሰው አልነበረም፤ መደወልም አላስፈለገውም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የአዳራሹን ኪራይ ራሳችሁ ክፈሉ፣ መስተንግዶውን ተዉት ወይም አሳንሱት፣ አስተርጓሚውን ግን ኤምባሲው ቢያመጣ ቅር አይለኝም፤ ይሁንና ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ አባል በትኩረት እንዲያዳምጥ አድርጉ።

መልስ፦ ከአንድ የታሪክ አንባቢ

ስለ ቻተም ሐውስ ደንብ የተባለው ትልቅ አለመግባባት ስላለበት በዚያ ላይ ላተኩር። (የዘመን አቆጣጠሩ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።) በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ የነበሩ የብሪታንያና የአሜሪካ ልዑካን፣ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ከመሥሪያ ቤት ውጭ በጥሞና የሚጠኑበትና የሚመከርበት ተቋም እንዲኖር ተነጋገሩ። ከዚህ ምክክር በለንደን በ1920 ኋላ ቻተም ሐውስ ተብሎ የታወቀው ተቋም ተወለደ፤ በኒው ዮርክ ደግሞ በ1921 የውጭ ግንኙነት ምክር ቤት ተመሠረተ። ደንቡ የወጣው በ1927 ሲሆን በ1992 እና በ2002 ተሻሽሏል። ብዙዎች «ደንቦች» እያሉ ቢጠሩትም አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ ይዘቱም አጭር ነው። ተሳታፊዎች በስብሰባው ያገኙትን መረጃ በነፃነት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ የተናጋሪውን ወይም የሌላውን ተሳታፊ ማንነትም ሆነ የሚወክለውን ተቋም ግን መግለጽ አይችሉም።

እንግዲህ ደንቡ የሚሸፍነው የተናጋሪውን ስም ነው፤ የተባለውን ነገር አይደለም። ላልመጣ አባል «እንዲህ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል» ብሎ መንገር ፈጽሞ አይከለከልም። ነገር ግን ስማቸው በግብዣ ወረቀት ላይ በጉልህ የታተመን አምባሳደር ማንነት መደበቅ እንዴት ይቻላል? ብቸኛው ተናጋሪ እሳቸው ሆነው ሳለ ከምሽቱ የሚጠቀስ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ወደ እሳቸው ይመራል። ደንቡ በእውነት የሚጠቅመው ክብ ሠርተው ለሚወያዩ ጥቂት ሰዎች ነው፤ እዚያ ማን ምን እንዳለ ሳይታወቅ ሐሳቡ ሊወጣ ይችላል። የደንቡ አነጋገር «ስብሰባው ወይም የስብሰባው ክፍል» ስለሚል ግን አንድ መላ አለ፤ ንግግሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ጥያቄና መልሱ ብቻ በደንቡ ሥር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሚጠቀመው በይበልጥ ጠያቂው ነው፤ የማን ጥያቄ እንደሆነ ውጭ አይወራበትምና።

ሌላም አንድ ነገር ከታሪክ ላንሣ። ቻተም ሐውስ እንደ ተቋም በፖለቲካ ጉዳይ ላይ የራሱን አቋም ከመያዝ ገና ከመጀመሪያው ራሱን አግዷል፤ አቋሙ የተናጋሪው ወይም የጸሐፊው ነው። በአሜሪካ በ1918 የተጀመረው፣ በኋላ የውጭ ፖሊሲ ማኅበር የተባለው ድርጅት ደግሞ መነሻው የመንግሥታቱን ማኅበር ሐሳብ ለመደገፍ ነበር፤ የአሜሪካ ሴኔት የመንግሥታቱ ማኅበር የሚቋቋምበትን የቬርሳይ ስምምነት ካላጸደቀ በኋላ ግን ድርጅቱ ከቅስቀሳ ይልቅ ለሕዝብ ትምህርት ማድላትን መረጠ። እናንተም በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ማኅበሩ በውጭ ጉዳይ ላይ አቋም እንደማይወስድ የሚገልጽ አንቀጽ ካላችሁ ከመልስ ደብዳቤው ጋር አያይዙት። ከሌላችሁ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡት።

መልስ፦ ከአንድ አወያይ

ከቀድሞው ጸሐፊ ጋር በገንዘቡ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከኤምባሲ አልቀበልም ያለ ማኅበር ከኩባንያ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከራሱ መንግሥት ይቀበላል፤ እነዚህም የየራሳቸው ፍላጎት አላቸው። በ2014 ኒው ዮርክ ታይምስ የውጭ መንግሥታት በዋሽንግተን ለሚገኙ ታዋቂ የጥናት ተቋማት ስለሚሰጡት ገንዘብ ሰፊ ዘገባ ባወጣ ጊዜ፣ አንባቢውን ያስቆጣው አንዱ ነገር ስጦታው በግልጽ አለመነገሩ ነበር። እኔ ብሆን ገንዘቡን እቀበልና በግብዣ ወረቀቱ ላይ ማን እንደ ከፈለ በማይሸሽ ፊደል አሳትማለሁ፤ ምሽቱ ሲከፈትም በቃል እደግመዋለሁ። ከዚህ ጋር በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰጪ ከአንድ ምሽት በላይ አልቀበልም። «ለጊዜው ይቆይ» ያሉትን ሰው በተመለከተ ግን የቀድሞው ጸሐፊ የተናገሩት እውነት ስለሆነ መልስ የለኝም፤ ያን ዓይነት ፍርሃት ወረቀት ላይ በማተም አይከላከሉትም።

በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄን ግን በጅምላ አትጥሉት። ብዙ ዓመት አወያይቻለሁ፤ የጥያቄውን ሰዓት የሚገድለው በአብዛኛው እንግዳው ሳይሆን ማይክሮፎኑን ይዞ አምስት ደቂቃ የራሱን ንግግር የሚያደርገው ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ «በዚህ ላይ ምን ይላሉ?» ይልና ይቀመጣል። ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ሲሰበሰብ ዓይን አፋሮችም ይጠይቃሉ፣ ሦስት ሰው ያነሣው አንድ ጥያቄም በአንድ ጊዜ ይቀርባል። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱ መቼ እንደሚጻፍና በማን እጅ እንደሚገባ ላይ ነው። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ተጽፎ በእናንተው አወያይ የሚነበብ ከሆነ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ለኤምባሲው የሚላክ ከሆነ የተጠና መልስ ከማዳመጥ አያልፍም። ኤምባሲው ቅድመ ዝግጅት የሚያስፈልገው ከሆነ አራትና አምስት የመወያያ ነጥቦችን ያለ ጥያቄ ልትልኩላቸው ትችላላችሁ፤ ለስታቲስቲክስ መዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ይህ ይበቃዋል።

አወያዩ በእርግጥ ከእናንተ ይሁን። መልስ ያልተሰጠበትን ጥያቄ በአክብሮት አንድ ጊዜ የሚደግም፣ ሁለተኛ ግን የማይደግም ሰው ፈልጉ፤ እንዲህ ያለው ሰው በቀላሉ አይገኝም።

መልስ፦ ከአንዲት መምህርት

ከተባለው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንዶች ሚዛን ለመጠበቅ ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ተናጋሪ በዚያው ምሽት አብሮ ይቅረብ ይሉ ይሆናል። አምባሳደሮች ግን እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ከተቺዎቻቸው ጋር መቀመጥ እምብዛም አይወዱም፤ ቢቀመጡም ሁለቱም ለአድማጩ መናገር ትተው እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ከዚያ ይልቅ ከአንድ ሳምንት በፊት ሁለት ገጽ የማይበልጥ ማንበቢያ ለአባላት አዘጋጁ፤ የአገሩን የቅርብ ታሪክ፣ ዋና ዋናዎቹን የጎረቤት አለመግባባቶችና አከራካሪዎቹን ነጥቦች ከየወገኑ አንጻር የሚያሳይ ይሁን። ከላይ የተጠቀሰው የውጭ ፖሊሲ ማኅበር በ1954 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የጀመረው የውይይት ፕሮግራም በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ሰዎች በትናንሽ ቡድኖች ተሰብስበው በየዓመቱ የሚወጣውን የውይይት መጽሐፍ አስቀድመው ያነባሉ፣ ከዚያ ይወያያሉ። አንብቦ የመጣ አድማጭ ፊት የሚቀርብ ተናጋሪ፣ አምባሳደርም ይሁን ፕሮፌሰር፣ ንግግሩን ከመጀመሪያው ገጽ አይጀምርም።

ተቺውን ተመራማሪ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ጋብዙ፤ ቀኑንም አምባሳደሩ ከመምጣታቸው በፊት በዓመቱ መርሐ ግብር ላይ አስታውቁ። የቀድሞው ጸሐፊ ያነሡትን «ለጊዜው ይቆይ» የሚከለክለው ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ለኮሚቴው አንብቤ ከተወያየን በኋላ ለኤምባሲው መልስ ጽፈናል። የአዳራሹን ኪራይ እኛ እንከፍላለን፤ አስተርጓሚው ከእነሱ ይሆናል፣ ይህም በግብዣው ላይ ይጻፋል። አወያዩ ከአባሎቻችን አንዱ ነው፤ ጥያቄዎች ንግግሩ ካለቀ በኋላ በወረቀት ይሰበሰባሉ፤ የቻተም ሐውስ ደንብም ለጥያቄና መልሱ ብቻ ይሠራል። የመምህርቷን ሐሳብ ተከትለን የተመራማሪውን ምሽት ቀን ቈርጠን በመርሐ ግብሩ ላይ አውጥተናል፤ በዚህ ላይ ገንዘብ ያዣችን ሳይቀሩ ድምፅ ሰጥተዋል፤ ለመስተንግዶ ግን ሻይ ብቻ መፍቀዳቸውን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ኤምባሲው በሦስት ቀን ውስጥ መለሰልን፤ እኔ ከጠበቅሁት በላይ በቅንነት ከርዕሱ በስተቀር ሁሉንም ተቀብሏል። ርዕሱ «በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ጽኑና ብሩህ ወዳጅነት» እንዲሆን አሁንም ይፈልጋሉ። ሳናስቀይማቸው ይህን እንዴት እናርመው?

መልስ፦ ከቀድሞው ጸሐፊ

«በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ግንኙነት» ብላችሁ መልሱላቸው፤ ቅጽሎቹን አምባሳደሩ በንግግራቸው ውስጥ ራሳቸው ይጨምሯቸዋል።