ቡና ተደፍቶባት ሚሊዮነር የሆነችው ሴትዮ ነገር እውነት ነው?

ቡናዬ_መራራ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የዛች የማክዶናልድስ ሴትዮ ወሬ እውነት ነው እንዴ? ቡና እላይዋ ላይ ደፍታ ሚሊዮን ዶላር ወሰደች ይላሉ፣ ቡና መቼም ትኩስ ነው ምን ያስከስሳል ብዬ ነው

ዲሲ_ነኝ፦ ብሮ ሚሊዮኑ እጃቸው አልገባም። ስቴላ ሊቤክ ይባላሉ፣ የ79 ዓመት ሴት፣ በፈረንጆቹ 1992 ኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ። ሲነዱ አይደለም፣ መኪናው ቆሟል፣ የያዘውም የልጅ ልጃቸው ነው፣ ክሬምና ስኳር ሊጨምሩ ክዳኑን ሲከፍቱ ጭናቸው ላይ ተደፋ። ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ነው እኮ፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ነው የተተከለላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር ነበር ካምፓኒው 800 አለ 😂

ሕግ_ነክ፦ ያሸነፉት ቡና ትኩስ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር የሚሸጠው፣ ያ በሰከንዶች ውስጥ ይልጣል፣ ከዛ በፊት ደግሞ ከ700 በላይ ቅሬታ ደርሷቸው ዝም ብለዋል፣ ጁሪውን (እዛ አገር ፍርድ እንዲሰጡ የሚመረጡትን ተራ ሰዎች) ያናደደው እሱ ይመስለኛል። ካሳ 200,000 ተባለ፣ 20 ፐርሰንቱ የራሳቸው ጥፋት ነው ተብሎ 160,000 ሆነ፣ ካምፓኒውን ለመቅጣት ከካሳው በላይ የተጨመረው 2.7 ሚሊዮን ነበር ዳኛው ወደ 480,000 አወረደው፣ በመጨረሻ በስምምነት ጨረሱ፣ ስንት እንደሆነ ሚስጥር ነው

ቡናዬ_መራራ፦ እሺ እኛ አገር ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ቢደፋብኝስ?

ሕግ_ነክ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ የጎዳ ይክሳል ይላል። የሕክምና ደረሰኝህን ያዝ። ለሞራል ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ላይ ጣሪያው 1,000 ብር ነው፣ በ1952 የወጣ ሕግ፣ ዛሬ በሺ ብር ምን ይገዛል በናትህ