ጥቆማ፦ ከደሴ ወልዲያ ለሚመላለስ ሰው አዲሱ ሂማላያን 450 ሞተር ሳይክል ያዋጣል ወይ?

ቧንቧ ውሃ (ጠያቂው)፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሐይቅ ውጫሌ መርሳ እያልኩ ወልዲያ ድረስ ያስኬደኛል፣ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እስካሁን በያማሃ ኤጂ 100 ነው የኖርኩት፣ እድሜ ይስጣት አላሳፈረችኝም ግን ወገቤ አልቋል፣ ዳገት ላይ የተጫነ ሲኖትራክ እንኳን ማለፍ አቅቶኝ ጭሱን ስምግ ነው የምውለው። አሁን አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ አዲሱን ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 450 አገኝልሃለሁ ይላል፣ ሌላ ሰው ደግሞ የድሮውን 411 ያገለገለ ሊሸጥልኝ ነው። ቪዲዮ ላይ አዲሱ ልብ ያጠፋል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ66 ነው፣ አንዳንዴ ባለቤቴን አንዳንዴ እናቴን ከኋላ እጭናለሁ። የነዳችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ጋራዥም ካለ ጠቁሙኝ።

የሐረጎ ልጅ፦
ወንድሜ አዲሱን የጓደኛዬን ተውሼ ከኮምቦልቻ ወልዲያ ነድቼዋለሁ፣ 411ዱን ደግሞ አንድ ዓመት ይዤው ነበር፣ ስለዚህ የሁለቱንም ጉድ ልንገርህ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያቺን ክብ ስክሪን ነው፣ ስልክህን ስታገናኘው የጎግል ካርታ ይዘረጋልሃል፣ አሪፍ ነው አልዋሽህም፣ ግን ከደሴ ወልዲያ መንገዱ አንድ ነው፣ ካርታው ቀጥ በል ከማለት ሌላ ምን ሊነግርህ ነው ሃሃሃ። እሱን ተወውና ወደ ሞተሩ እንግባ።

አዲሱ 452 ሲሲ ነው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ 6 ማርሽ። የድሮው 411 ሲሲ ነው፣ 24 ምናምን ጉልበት፣ 5 ማርሽ። አሁን ይሄን ቁጥር ደሴ ላይ እንዳለ አትውሰደው፣ እኛ ያለነው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚህ ይጥላል። ስለዚህ አዲሱ 30 አካባቢ የድሮው 18 አካባቢ ሆነው ነው የሚያገለግሉህ፣ 18ቱ ላይ ሁለት ሰው ከነጓዙ ስትጨምርበት ሲኖትራኩን ለማለፍ ዱዓ ያስፈልግሃል። ግን ደግሞ የድሮው አንድ ጸባዩን እወድለታለሁ፣ ጉልበቱ ከታች ነው ያለው፣ ኮረኮንች ላይ በሁለተኛ ማርሽ ዱክ ዱክ እያለ እንደ በቅሎ ይወጣልሃል። አዲሱ ትንሽ ማጮህ ይፈልጋል፣ ዝቅ ባለ ዙር ስትይዘው ያኮርፋል።

ቁመትህን ስለጠቀስክ፣ የአዲሱ መቀመጫ 825 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮው 800። በአንተ ቁመት አዲሱ ላይ በጣት ጫፍ ትነካለህ እንጂ እግርህ ሙሉ አይቆምም። ዝቅ ያለ ወንበር አለው 805 የሚያደርግ ግን ለብቻው ነው የሚገዛው። ክብደቱ 196 ኪሎ ነው፣ ኤጂህ 100 አካባቢ ናት፣ ሸዋበር ላይ ሰልፍ ውስጥ ቆመህ አንድ ባጃጅ ገፋ ቢያደርግህና ብታዘም ልዩነቱ ያኔ ይገባሃል።

አሁን ዋናው ነገር ፍሬን ነው፣ እዚህ ጋ አስረዝማለሁ ታገሱኝ። ኤጂህ ቱ ስትሮክ ስለሆነች ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቅ ሞተሩ እምብዛም አይዝልህም፣ ሁሉም ሸክም ፍሬኑ ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ከ411ዱ በፊት እንደዛው ዓይነት ሞተር ነበረችኝ፣ የኋላ የፍሬን ሸራ አንድ ጋራዥ አስቀይሬ (ስሙን አልጠራም) በነጋታው ባለቤቴንና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ከፊቴ ካለው አይሱዙ መስሎኝ ዝም አልኩ፣ ቀጥሎ ያለው ጥምዝ ላይ ፍሬን ብረግጥ እግሬ እስከ ታች ወረደ ምንም የለም። የፊቱን ስጨብጥ እጄታው ማኑብሪዮውን ነካ። ማርሽ ወደ አንደኛ መትቼ ወደ ግንቡ በኩል ጎማውን እየፈተግኩ ነው ያቆምኩት፣ የአይሱዙው ረዳት ሮጦ መጥቶ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገልኝ። ባለቤቴ ወርዳ ዝም ብላ ጤፉን አየችው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሐረጎ ስደርስ አውርደኝ ትለኛለች። ከበሮው ሲከፈት ሸራው ተፈርፍሮ ዱቄት ሆኗል።

ለዚህ ነው እኔ ስክሪን የማላየው። ሂማላያኖቹ ሁለቱም ፎር ስትሮክ ናቸው፣ በሦስተኛ ማርሽ አስገብተህ ነዳጅ ስትለቅ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል፣ ከፊትም ከኋላም ዲስክ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ማርሽ በድንገት ስትቀንስ የኋላ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሪሲዮን አለው። ኤቢኤሱን (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) ከኋላ ብቻ ማጥፋት ይቻላል፣ ኩታበርን አልፈህ ኮረኮንች ላይ ስትገባ ይጠቅማል፣ አስፋልት ላይ ግን እንዳትነካው።

የምጠላበት አንድ ነገር ልንገርህና ልብቃ፣ የአዲሱ የኋላ መብራት ለብቻው የለም፣ ፍሬቻዎቹ ውስጥ ነው የከተቱት። ሲታይ ያምራል ንጹህ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ወድቀህ ፍሬቻዋን ከሰበርክ ግማሽ የፍሬን መብራትህ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ሮያል ኢንፊልድን የሚሠሩት የህንድ ልጆች ምን አስበው እንደሠሩት እንጃ።

ጋራዥ ቤት፦
ልጁ እውነቱን ነው ስለ ፍሬኑ። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ከሠሪ በኩል ልጨምር። አንደኛ አዲሱ ራዲያተር አለው፣ የቧንቧ ውሃ እየሞሉ የሚመጡ አሉ፣ ውስጡ ዝገትና ድንጋይ ይሠራል፣ ኩላንት ብቻ። ሁለተኛ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጠውን እየገዛችሁ ትሞላላችሁ፣ ካርቡራቶር ላይ ቢሆን ፈትቼ በአሥር ደቂቃ አጥቤ እሸኛችኋለሁ፣ እንደ አዲሱ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በፓምፕ ገፍቶ የሚረጭ) ላይ ውሃና ቆሻሻ ከገባ የፓምፕና የኖዝል ጣጣ ነው። ግን ሰርባቶዮው 17 ሊትር ነው፣ በሊትር 25 እንኳን ቢሄድልህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደሴ ከሞላህ ወልዲያ ደርሰህ ትመለሳለህ የሃይላንድ ቤንዚን አያስፈልግህም። ሦስተኛ በእግር የሚመታ ማስነሻ የለውም። ባትሪ ፈጽሞ ከሞተ ቁልቁለት ላይ ገፍቼ አስነሳለሁ ማለትም አይሠራም፣ የቤንዚን ፓምፑ ራሱ መብራት ይፈልጋል። 411ዱንም ስትገዛ ጠንቀቅ በል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው በካርቡራቶር ነው፣ ከ2017 ወዲህ ያለው ኢንጀክሽን ነው፣ ሻጩ የቱ እንደሆነ ካላወቀ ምኑንም አያውቅም ማለት ነው።

ዕቃ ላይ ደግሞ ልዋሽህ አልችልም። የአፓቼና የቦክሰር ሞተሮች ሸራ፣ ካቴና፣ ካንዴላ ደሴም ኮምቦልቻም አለ፣ የሂማላያን ግን አዲስ አበባ ማስፈለግ ነው። ከገዛህ ከሞተሩ ጋር አብረህ የፍሬን ሸራ ሁለት ጥንድ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የዘይት ፊልትሮና የፊት ከመነዳሪ አስመጣ። የፊቱ ጎማ 21 ነው፣ በየጎሚስታው የሚገኝ አይደለም።

እቱ ባቲ፦
ወንዶች ስለ ፈረስ ጉልበት ታወራላችሁ ከኋላ የሚቀመጠውን ማን ይጠይቀው። ወንድሜ እናትህን እጭናለሁ ብለሃል፣ ኤጂ ላይ ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ሂማላያን ላይ ክፍት ነው። እኔ ጅልባቤ ጫፉ ገብቶ ያውቃል በሌላ ሞተር፣ አላህ ነው ያተረፈኝ፣ ቀስ እያልን ስለነበር ጨርቁ ተቀዶ ቀረ። ነጠላ ይሁን ቀሚስ ይሁን እሷ ሥር አጣጥፋ እንድትቀመጥበት አድርግ፣ ከቻልክ ላሜራ ሠሪ ጋ ሄደህ ሽፋን አሠራ። ሻንጣ ደግሞ የውጭውን የአሉሚኒየም አትግዛ፣ ሰኞ ገበያ በኩል የመኪና ሸራ የሚሰፉት ጋ በልክ ያሰፉልሃል፣ ዝናብ አያስገባም ሲቀደድም እዛው ነው።

ጦሳ ላይ፦
አቦ ለምን ትጨነቃላችሁ አዲሱን ቢኤምደብሊው አር 1300 ጂኤስ ግዛ፣ 145 የፈረስ ጉልበት፣ ካቴና የሚባል ነገር የለውም የእቱ ባቲም ጭንቀት አለቀ 😂

ጋራዥ ቤት፦
237 ኪሎ ነው። ገራዶ ጭቃ ላይ ሲተኛ አንተ መጥተህ ታነሳዋለህ።

ጦሳ ላይ፦
እኔማ ፎቶ ነው የማነሳው።

ቧንቧ ውሃ፦
ኑሩልኝ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። እቱ ስለ ካቴናው ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ ልቤ ወደ አዲሱ ነው ያዘነበለው፣ ግን ዝቅ ያለው ወንበር አብሮ ካልመጣ አልወስደውም ብዬ ለአጎቴ ልጅ ነግሬዋለሁ። የሐረጎ ልጅ፣ ያ ጓደኛህ ቅዳሜ ካመቸው ባለቤቴን ይዤ መጥቼ ሐረጎን አንድ ጊዜ ወርጄ ልየው፣ ነዳጅ በኔ ነው።

የሐረጎ ልጅ፦
አብሽር እነግረዋለሁ። በጠዋት ና፣ ከሰዓት ጉሙ ከወረደ ምንም አታይም። የኔዋ ባለቤት ግን ሰምታ ሳቀች፣ ሚስቱ ጥምዟ ጋ ስትደርስ ትወርዳለች ብላ ተወራርዳለች።