ጥቆማ፦ ለቤተሰብ ሶላር ጣቢያ የትኛው ፓነል፣ የትኛው ኢንቨርተር፣ ምን ዓይነት ተቋራጭ?

በቤተሰብ ገንዘብ አነስተኛ የሶላር ጣቢያ ተክለው ኤሌክትሪክ ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው ፓነል እንደሚሻል ነው። የእኔ ጥቆማ ግን ከሁሉ በፊት የሽያጭ ውሉን መመርመር፣ ቀጥሎም ከፓነሉ ይልቅ ኢንቨርተሩን (የፓነሉን ኃይል ለመስመሩ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን መሣሪያ) እና ተቋራጩን አጥብቆ መምረጥ ነው። ከግሪድ (ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር) ጋር የተገናኘ ኢንቨርተር መስመሩ ሲቋረጥ ለጥገና ሠራተኞች ደኅንነት ሲባል በራሱ ስለሚያቆም፣ ፀሐዩ እየነደደ ቆጣሪው ቆሞ ሊውል ይችላል፤ ስለዚህ በገዢው መስመር ጉድለት ሳይሸጥ የቀረው ኃይል ኪሳራ የማን እንደሆነ በውሉ ሳይጻፍ አንድም ዕቃ ባይገዛ ይመረጣል።

ከፓነሎች በብዛት የሚነጻጸሩት፣ በሴላቸው (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ክፍል) አሠራር የሚለያዩት ፐርክ እና ቶፕኮን የሚባሉት ናቸው። በፓነሉ ጀርባ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳለ ነው፤ ቀትር ላይ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ በየዲግሪው 0.35 በመቶ የሚቀንሰው ፐርክ 14 በመቶ ሲያጣ፣ 0.30 በመቶ የሚቀንሰው ቶፕኮን 12 በመቶ ያጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ፣ ሰፊ መሬት ያለው ቤተሰብ ፐርክን በርካሽ ካገኘ ገዝቶ ጥቂት ፓነል ቢጨምር አይጎዳም፤ ቦታ የጠበበው ግን ቶፕኮንን ይምረጥ። ባለ ሁለት ገጽ ፓነል የሚያዋጣው ነጣ ባለ መሬት ላይ ከፍ ብሎ ሲተከል ነው፤ ጥቁር አፈር ላይ ዝቅ ካለ ጀርባው የሚያየው የራሱን ጥላ ነው።

ለ100 ኪሎ ዋት ጣቢያ አንድ ባለ 100 ወይም ሁለት ባለ 50 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ይቀርባል። አንዱ ትልቁ በዋጋ ሊቀንስ ይችላል፤ በተበላሸ ቀን ግን ገቢው በሙሉ ይቆማል። ሁለቱን እመርጣለሁ፤ ከስመ ጥሩ ምርትም ይልቅ መለዋወጫና ጠጋኝ በቅርብ የሚገኝለትን። ፓነል 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያገለግል ኢንቨርተር በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ስለሚለወጥ፣ የመለወጫው ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይቀመጥ።

በተቋራጭ ረገድ እኛ ርካሹን መርጠን ተቀጥተናል። ሠራተኞቹ የሁለት ፋብሪካ ኮኔክተሮችን (የገመድ ማያያዣዎችን) እርስ በርስ አገናኙ፤ ቀጭ ብሎ ስለገጠመም ማንም አልጠረጠረም። በሁለተኛው ዓመት ከአንዱ ረድፍ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ጎንበስ ብለን ስናይ ኮኔክተሩ እንደ ሰም ቀልጦ ገመዱ ጠቁሯል። ዛሬ ሁለት ተቋራጮችን ባወዳድር፣ በርክክብ ዕለት የእያንዳንዱን ረድፍ ቮልቴጅና የገመዱን ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከላከለውን ሽፋን) ለክቶ፣ መጋጠሚያዎቹን በሙቀት ካሜራ አንስቶ ውጤቱን በጽሑፍ ለሚያስረክበው ዋጋው ቢበዛም ሥራውን እሰጠዋለሁ።

ገዢው ለማታ ኃይል የተሻለ ዋጋ ካልከፈለ ባትሪ ይቅር። ፀሐይን እየተከተለ የሚዞረው መቆሚያም ምርት ቢጨምር ሞተሩ ጥገና ይፈልጋልና ለቤተሰብ ጣቢያ አልመክረውም።

የኤሌክትሪክ ጥገናውን ለባለሙያ በውል ሰጥቶ፣ ሣር ማጨዱንና ፓነል ማጠቡን ቤተሰቡ ቢይዘው ወጪው ይቀላል። እጥበቱ ግን ማለዳ ይሁን፤ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል።