ቤት የሠራሁት ጊታር ቀለሙ ተኮማተረብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂው ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ወር ፈጅቶብኝ ኤሌክትሪክ ጊታር ሠርቻለሁ። አካሉ ዋንዛ ነው፤ ከአያቴ አልጋ ራስጌ የወጣ ሳንቃ። አልጋው ሲሰበር ለማገዶ ሊፈለጥ ነበር፣ ለምኜ አስቀረሁት። አንገቱን፣ ፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚይዘውን) እና ብሪጁን (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበትን) ከተሰበረ ጊታር ነው የወሰድኩት።

ድምፁ ተስተካክሏል። ያቃተኝ ቀለሙ ነው። ለበርና ለመስኮት የሚሆን ሰማያዊ የዘይት ቀለም ገዝቼ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በማግስቱ ያብረቀርቅ ብዬ የመኪና ክሊር፣ ያን ቀለም አልባ ሽፋን፣ ነፋሁበት። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ የፈላ ወተት ላይ እንደሚይዘው ስልባቦት ተኮማተረ። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጓሮ ስለነበርኩ አቧራውን ለጠፈብኝ። ልላጠው? ከዚያስ በምን ልቀባው?

የፍራንኮው ቀለም ቀቢ፦
አይዞህ ልጄ፣ እኔም እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ነኝ። 22 ዓመት መኪና ስቀባ ይኼ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ጥፋቱ የቲነሩ ነው። የዘይት ቀለም በማግስቱ ስትነካው የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። በላዩ ቲነር ያለው ክሊር ሲነፋበት ያብጥና ከሥሩ ይነሳል።

ላጠው። ጨርቅ በቲነር ነክረህ ጣልበት፣ ትንሽ ቆይተህ በስፓቱላ ግፈፈው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት 120፣ 180፣ 220፤ ሁሌም እንጨቱን ተከትለህ። ዋንዛ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ካልሞላኸው ቀለሙ ይሰምጥብሃል። ሰማያዊውን ካልተውከው የመኪና ስቱኮ በስሱ አልብሰህ ፍቀው፤ ቀጥሎ ፕራይመር (የሥር ቀለም)፣ የመኪና ቀለም፣ ክሊር። አንድ ወፍራም ከምትደርብ ስድስት ስስ ይሻላል።

የመኪና ቀለም ለጊታር አይሆንም የሚልህን አትስማው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ጊታሮቹን የሚቀባው በዱፖንት የመኪና ቀለም ነበር። ያ ታዋቂ ሰማያዊው፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ፣ የካዲላክ ቀለም ነው።

አንገቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። እዚያ ቀለም ከገባ አንገቱ ይጠብና ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። ጓሮ አትቀባ፤ እዚህ ከተማ ተራራው ላይ የንፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍል ውስጥ ሁን፣ ወለሉን ውሃ እርጨው፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ ሻሽ ወጥርበት። አየር ይግባ፣ አቧራ አይግባ። እሳት አጠገብህ አይኑር።

ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበትን ክሊር ግን ቤት እንዳትነፋው፣ አደራ። ውስጡ ያለው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክም አያስቆመውም። እሱን ከፈለግክ ትክክለኛ ማስክ ላለው ጋራዥ ስጠው።

እንጨት ሠራተኛዋ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። በአንዱ ብቻ አልስማማም። የአያት አልጋ ዋንዛ እንዴት በስቱኮ ይሸፈናል? ያን ቡናማ ወርቅ መሳይ መልኩን ስንቱ ሰው ፈልጎ ያጣዋል!

ወንድምዓለም፣ ሼላክ ሞክር፤ ከነፍሳት የሚገኝ፣ እንደ ቫርኒሽ የሚቀባ ሙጫ ነው። ደረቁን ቅርፊት ቅርፊቱን ንጹህ አልኮል ውስጥ አሳድረው። ጥጥ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለህ ጨብጠው፣ ሼላኩን አጠጣውና በቀስታ እያሸህ ቀባ። እጅህ አንድ ቦታ እንዳይቆም፤ ከቆመ ይጣበቅና የቀባኸውን ያነሳዋል። ዛሬ ሦስት አራት ጊዜ፣ ነገ እንደገና። ኮምፕሬሰር አያስፈልግህም። ቶሎ ስለሚደርቅም አቧራ ብዙ አይይዝም። ድክመት አለው፤ አልኮል ከፈሰሰበት ይለቃል፣ ላብና ሙቀትም አይወድም።

ጠያቂው ከአዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ግማሹን ላጥኩት። ከብሪጁ በላይ፣ ሰማያዊው ሲነሳ፣ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ወጣች። አያቴ መቁጠሪያዋን የምትሰቅልባት ናት። ዙሪያዋ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። እኔ ቀለም ደፍቼባት ነበር። ሰማያዊውን ትቼዋለሁ፣ ዋንዛው ይታይ። ግን ስጫወት ክንዴ በጣም ያልበዋል። ሼላኩ ይችለዋል?

የፍራንኮው ቀለም ቀቢ፦
እንግዲያው ስቱኮውን እርሳው፣ እህታችን ልክ ናት። ሼላኩ በደንብ ሲደርቅ ናይትሮ ክሊር፣ ሃርድነር የማይቀላቀልበትን፣ ስስ ስስ አድርገህ ንፋበት። ሁለቱ ይስማማሉ፣ ላቡንም ከሼላክ ይልቅ ናይትሮው ይችለዋል። ከዚያ ሦስት አራት ሳምንት ስቀለው። አፍንጫህን አስጠግተህ አሽትት፤ ቲነር ከሸተተህ ገና ነው። ሽታው ሲጠፋ በብርጭቆ ወረቀት 1000፣ 1500፣ 2000 በውሃ ፍቀህ በፖሊሽ ጨርሰው። ሲያልቅም የጎማ ማቆሚያ ላይ አታስደግፈው፤ ናይትሮ ከጎማ ጋር ተጣብቆ ይበላሻል።

በውሃ ስትፍቅ የብሎን ቀዳዳዎቹ ውሃ እንዳይጠጡ ተጠንቀቅ። እንጨቱ ካበጠ ክሊሩ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአያትህንም ቀዳዳ ሳትደፍናት፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ ክሊር ወደ ውስጥ አስገባላት።