ከመስታወት ጋር የተጣበቀ የናርጊስ ፎቶ፦ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። አክስቴ ሳሎን ውስጥ ለዘመናት የተሰቀለ የናርጊስ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው «ማዘር ኢንዲያ» ፊልም ላይ እናት ሆና የተወነችው የህንዷ ኮከብ ናት። ፊቷን ዞር አድርጋለች፤ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ አርፏል። በጣም ነው የምታምረው! ጥግ ላይ ፊርማ አለ።

የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ እርጥበቱ ቤት ድረስ ይገባል። ፎቶው መስታወቱን ነክቶ ስለኖረ ግንባሯና ፀጉሯ አካባቢ ሙጭጭ ብሎ ተጣብቋል። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ የሚሠራው ጄላቲን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ባለ ብር (ማዕድኑ) ነው። ጄላቲኑ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ መልሶ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል።

አንድ ፎቶ አንሺ «ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ራሱ ይለቃል» አለኝ። ሌላው ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ አሙቂው ይላል። ሁለቱንም ፈራሁ። በተለይ ፊርማው ያሳስበኛል። ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ከሆነ ምንም አይደል። በብዕር የተጻፈ ከሆነ ግን ውሃው ቀለሙን ይዞት ሊሄድ ይችላል። አክስቴ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትሳሳለት ለፊርማው ነው።

መስታወቱን ሳላነሳ ፊርማው ብዕር ይሁን ህትመት በምን ልለይ? ማንም ሳይነካው በፊት እንዳለ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ላስደርገው አስቤያለሁ። በመስታወት ላይ ጥሩ ይወጣል? ወይስ በካሜራ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጎ ማንሳት ይሻላል? ጅማም ሆነ አዲስ አበባ የድሮ ፎቶ የሚጠግን ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ፣ በናታችሁ ጠቁሙኝ።