የረቂቁ ርዕስ ይቀየር

ጸሐፊዋ፦ እንደምን አመሻችሁ። የወላጅና መምህራን ኅብረቱ ለትምህርት ቤቱ የሚያቀርበውን ረቂቅ ልኬያለሁ። ርዕሱ «ለሴት ተማሪዎች ስለ አለባበስና ጥንቃቄ ሥልጠና መስጠት» ይላል። እስከ ቅዳሜ ሐሳብ ስጡበት።

አንዲት እናት፣ ከቦሳ፦ እህቴ፣ ድካምሽን አይቻለሁ። ርዕሱ ላይ ግን አልስማማም። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። መረብ ኳስ ነፍሷ ነበር። ዘንድሮ ሜዳ አልወጣም አለች። ብጠይቃት ዝም። አንድ ቀን በዚያ ጠራራ ፀሐይ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ አየኋት። ለካ አጥሩ ጋ የሚቆሙ ሰዎች ስትዘል ስለ ሰውነቷ ይናገራሉ። ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ሥልጠናው ለማን ነው?

መምህሩ፦ እውነትሽን ነው። ልጅቷ የሰውን ዓይን ወደ ውስጧ ታስገባዋለች። ከዚያ ራሷን ከውጭ እያየች ትኖራለች። በ1998 እንደ ፈረንጆች የታተመ አንድ ሙከራ አለ። የዋና ልብስ ለብሰው ሂሳብ የተፈተኑ ሴት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ። ወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። ሐሳብ ለሁለት ሲከፈል እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርም በዚያው አቆጣጠር በ2007 ባወጣው ሪፖርት ሴት ልጆችን በሰውነታቸው ብቻ መመዘንን ከድብርት፣ ከአመጋገብ መዛባትና ራስን ዝቅ አድርጎ ከማየት ጋር አያይዞታል። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ያቆመችን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ።

አንድ አባት፣ ከጂረን፦ ልጆቼ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። የ10 ዓመት ልጅ ሳይ «አንቺማ ለሙሽርነት ደርሰሻል» እል ነበር። ምርቃት መስሎኝ! ከኛው ከቤት ይጀመር።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ርዕሱን «የአዋቂዎችን አነጋገርና ለከፋን ማረም» ብዬዋለሁ። መጀመሪያ የምንሠለጥነው ወላጆችና መምህራን ነን። በጨዋታ ሰዓት ሁለት ሁለት ወላጅ በተራ አጥሩ ጋ ይቁም። ሚኒ ሚዲያው ደግሞ የማስታወቂያና የቲክቶክ ምስሎችን አንስቶ ያወያይ፤ ይህ ምስል ምን ሊሸጥልን ነው ብለው ይጠይቁ። ወንዶቹም አብረው ይግቡ።

መምህሩ፦ የባጃጅ ሾፌሮቹን አትርሱ። በር ላይ ተሰልፈው የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ ቀርበን ብናናግራቸው ይሰሙናል።

አንድ ወላጅ፦ ረቂቁ በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። ባለቤቴ የምታነበው በሱ ነው። ትርጉሙን እኔ እይዘዋለሁ።

እናቲቱ፦ ተስማምቻለሁ። የአጥሩ ተራ ማክሰኞ ለኔ ይያዝልኝ፤ የመረብ ኳሱ ቀን ነው።